ያልተመለሰ አይጠበስም

ሰኔ 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ አንድ ባለመነጽር መጥቶ የገዛ ታሪኬን ሊያስረዳኝ ተቀመጠ።

የላከው ልጄ ነው። ልጄ ማለት ሥራ አስኪያጁ፤ የስምንት በርገር ቤቶች አዛዥ፣ ለወለደችው እናቱ በስልክ ተቀባይ በኩል ቀጠሮ የሚሰጥ። ድርጅቱ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ የአመሠራረቱ ታሪክ መጽሐፍ ሆኖ ይታተማል፤ አጠር ተደርጎ ደግሞ በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ባለመነጽሩ ጉሮሮውን ጠርጎ መጀመሪያውን አነበበልኝ፦ «በአንዲት ዝናባማ ምሽት፣ በባቡር ጣቢያው ደጃፍ፣ አንድ ወጣት ባለራዕይ ቆሞ ያልም ነበር።»

«ባቡሩን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ጋሼ ናቸው የነገሩኝ።»

ጋሼ የሚለው የቀድሞ ባሌን ነው። እኛ የጀመርነው እዚሁ ነው፤ አሁን ይህን የምጽፍበት ክፍል ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ፊት ለፊት። ባለራዕዩም የአውቶቡስ ረዳት ነበር። የሚያልመው ተኝቶ ነው፣ ያውም እያንኮራፋ። የመጥበሻው ብረት ላይ ቆሜ ሥጋውን በሚዛን ድንጋይ እየተጫንኩ ያሳሳሁትና የጠበስኩት እኔ ነኝ። እሱ መስኮቱ ላይ ቆሞ ጮኸ። ይኸው ነው ታሪኩ፣ ባቡር አያስፈልገውም። ለማንኛውም ከእንግዲህ እዚህ ደብተር ላይ ስሙ ባለራዕዩ ነው።

«እርስዎ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚገቡ ገና እያሰብንበት ነው» አለኝ ባለመነጽሩ፣ በርገሬን እየገመጠ።

አስብበት አልኩትና ሳይጨርስ ሳህኑን አነሳሁበት።

ሰኔ 7

መጻፍ የሚረሳ ሰው ሥራ ነው ስል ነው የኖርኩት። እኛ ቤት ትዕዛዝ አይጻፍም። እጅ ቅባት ነው፣ ወረቀትም እሳት አጠገብ አይበረክትም። መስኮቱ ላይ ያለው «ሁለት ሙሉ፣ አንድ ባዶ!» ብሎ ይጮኻል። ሙሉ ሁሉም ነገር ያለበት ነው፣ ባዶ ሽንኩርት የሌለው፣ ደረቅ ስጎ የሌለው። ብረቱ ላይ ያለው ቃል በቃል መልሶ መጮኽ አለበት። ካልመለሰ አልሰማም፣ ካልሰማ አይሠራም። ያልተመለሰ አይጠበስም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በባለመነጽሩ ጽሑፍ ግን «የመሥራቹ ልዩ የአሠራር ፍልስፍና» ሆኗል። እሰይ! ፍልስፍና!

ባለራዕዩን አንድ ነገር አልነፍገውም። ረዳት ሳለ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የት የት እንደሚወርድ በጭንቅላቱ ይዞ አንድም ቀን አይሳሳትም ነበር። ሁላችንም በሱ ጭንቅላት ተማምነን ወረቀት ናቅን። ከሥጋ ነጋዴው ጋር በቃል፣ ከሠራተኛ ጋር በቃል። እኔና እሱ ወረቀት ያየነው ስንፋታ ብቻ ነው። እሱ ሌሎቹን ቅርንጫፎች ይዞ ሄደ፣ እኔ እዚሁ መጀመሪያ የከፈትነው፣ አንደኛው ቤት ላይ ቀረሁ።

አሁን የምጽፈው ውሸታሞች በዝተው ነው። አንድ ሰው እውነቱን ይያዝ።

ሰኔ 11፣ ሰኞ

ዝናብ። ጣሪያው ከብረቱ በላይ ያንጠባጥባል፣ ጠብ ባለ ቁጥር ብረቱ ይንጫጫል።

ቀጮ ዛሬ ፊቱን አጥቁሮ ገባ። ቀጮ መስኮቱ ላይ የሚጮኸው ሠራተኛዬ ነው፤ ከገባ ጀምሮ ሥጋ እየበላ ሥጋ ያልያዘ ሰው። ወሬ ሳይዝ አይመጣም።

«እትዬ፣ የሥጋ መኪናው ሹፌር አንደኛው ቤት ሊዘጋ ነው ይላል። የኪራዩ ውል ክረምቱ ሲወጣ ያልቃል፣ አያድሱትም ነው የሚለው።»

«የሹፌር ወሬ» አልኩት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ሰኔ 14

ዋናው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ምንጣፍ ነው፣ መስታወት ነው፣ በማሰሮ የተተከለ አበባ ነው። የበርገር ድርጅት ሆኖ በርገር በርገር የማይሸት ቤት እዚያ አየሁ። ልጄ ከወንበሩ ተነስቶ ሳመኝ። ሽቶ ተቀብቷል።

የሹፌሩ ወሬ እውነት ነው። አንደኛው ቤት ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም፤ ሌሎቹ ትዕዛዝ በስክሪን ነው የሚያዩት፣ እኛ እንደ ገበያ እንጮኻለን። «እማዬ፣ ደክሞሻል። አርፈሽ ተቀመጪ» አለኝ። አርፈሽ ተቀመጪ! ሰው አርፎ የሚቀመጠው ሲቀበር ነው።

«አባትህ ቃል ገብቶልኛል» አልኩት። «የተፋታን ዕለት፣ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ። እኔ፣ አንደኛው ቤት የኔ ነው፣ እስከ ዕድሜ ልኬ፣ ብዬ ጮኽኩ። እሱም ቃል በቃል፣ አላፊ አግዳሚው እስኪዞር ድረስ ጮሆ መለሰ።»

«ጠየቅሁት እኮ። አላስታውስም አለኝ።»

አላስታውስም! ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ። ትናንት የተሳፈረ ሰው መውረጃ እንኳ የማይረሳ ጭንቅላት የኔን ቃል ብቻ መርጦ ረሳ።

ልጄ እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆየና «ለመሆኑ አባባን ካየሽው ስንት ጊዜሽ ነው?» አለኝ። ምን ላድርገው አይቼ አልኩት። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ድርጅቱ ዛሬም በአባባ ስም ነው። እሱ ራሱ በፊቴ ቃሉን ከመሰከረ አልዘጋውም። ይኸው፣ ቃሌ ነው።»

በጽሑፍ ስጠኝ ልለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። አፈርኩ።

ሰኔ 19

ደወልኩለት። ለባለራዕዩ።

«ማን ልበል?» አለኝ። እኔን፣ ማን ልበል! እኔ ነኝ አልኩት። «እንደምን አደሩ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ። አንቱ አለኝ! አልጋ ተጋርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ሽንኩርት እየላጠ ዓይኑን በቀሚሴ እየጠረገ ኖሮ ዛሬ አንቱ። መቀለጃ አደረገኝ። ስለ ቤቱ ቃሉን ባስታውሰው «ይሁን፣ መልካም ነው፣ ልጁን ያነጋግሩት» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ትህትናውን ውሻ ይብላው።

ሰኔ 20

የጋራዡ ደመወዝ ቀን። ሰልፉ እስከ መንገዱ። ሥጋ አነሰ፣ ለዳቦ ሁለቴ ሰው ላክሁ። ቀጮ ድምፁ ተዘጋ። እግሬ አብጧል። ደከማት ይሉኛል። መጥተው ቢያዩ።

ሰኔ 27

ባለመነጽሩ ተመልሶ መጣ፣ በዝናብ ርሶ። ባቡሩን አውጥቶታል። አሁን ደግሞ ሥጋውን በሚዛን ድንጋይ መጫንን ባለራዕዩ ከእናቱ ነው የተማረው። እናቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንኳን ሥጋ ሊጫኑ ጎመንም ይቆጠቁጣቸው ነበር።

ልጁ ወንበር ላይ ተሰብስቦ ተቀምጦ አማረረ። «እትዬ፣ ምን ላድርግ? ጋሼ ማክሰኞ የነገሩኝን ሐሙስ አላልኩም ይላሉ። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ሦስት ዓይነት አድርገው ነግረውኛል። ምናልባት ዕድሜው…»

«እኔስ ዕድሜ የለኝም? ውሸት ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ያንተም ጋሼ ስንቁን እየጨረሰ ነው።»

ስለ ቃሉ ነገርኩት፣ ይጻፈው ብዬ። ፍርድ ቤቱን፣ ደረጃውን፣ የጮኽኩትን። እሱ ከእናንተ ሌላ የሰማ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ሞልቶ ነበር አልኩት። ባለራዕዩ ያን ያህል ጮክ ብሎ አልመለሰ ይሆናል፤ ዕለቱ የፍቺ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ግን መልሷል። ባለመነጽሩ እስክሪብቶውን ይዞ አየኝ፣ እንደ ሐኪም። የት አባቱ። አንድ ባዶ ጠብሼ ሰጠሁት፣ ብርድ መትቶት ስለነበር ነው እንጂ ወድጄው አይደለም።

ሐምሌ 3፣ ማክሰኞ

ምራቴ ብቻዋን መጣች። ባለራዕዩ የሚኖረው እነሱ ጋር ነው። ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ፣ አንድ ደረቅ አዝዛ፣ ሳትበላው አቀዘቀዘችው።

«እማዬ፣ አባባ ትናንት ከቤት ወጥቶ ጠፍቶብን ነበር» አለችኝ። «ስንፈልገው ውለን የት ያገኘነው ይመስልሻል? መናኸሪያ። አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ይጠራል። ሰው እየሳቀ ይቀርጸዋል።»

«ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል። ዱሮም እንደዚያ ነው።»

«እማዬ፣ ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባሽም?»

«ገብቶኛል። ቲያትር ይሠራል። ለመጽሐፉ ነው።»

አለቀሰች። ይቺ ልጅ ለቅሶ ትወዳለች፤ በሠርጓም አልቅሳለች። ሶፍት ሰጥቼ ሸኘኋት። ቀጮ መስኮቱ ላይ ሆኖ ጆሮውን አቁሞ ሰምቷል፣ ቀኑን ሙሉ ዓይኔን አላየኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ ባለራዕዩ ሰው ሁሉ የሚያወራውን ምናልባት የማልሰማው እኔ ብቻ ነኝ።

አልተኛሁም። የትኛውን መስመር ሲጠራ እንዳገኙት አልጠየቅኋትም። የድሮው መስመሩ በምሠራበት ደጃፍ ነበር የሚያልፈው። እሱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እኔ ያኔ ተቀጥሬበት በነበረው የፋብሪካ ካፌ ውስጥ ስጠብስ፣ በመስኮት የሚታዘዘኝን ሳይቀር ሰምቶ እያለፈ መልሶ ይጮኽብኝ ነበር። እንደዚያ ነው የተዋወቅነው። ይህን ለባለመነጽሩ አልነግረውም፣ ያበላሸዋል።

ሐምሌ 12

ጉድ ነው የዛሬው። ለበዓሉ ቪዲዮ ያስፈልጋል ተባለ፤ ታዲያ የት ይቀረጽ? የሚዘጋው፣ የሚያፈሰው፣ የሚያሳፍረው ቤት ውስጥ! ሌሎቹ ሰባቱ ቤቶች አሮጌ አይመስሉማ።

ባለራዕዩን ልጄ በክንዱ ደግፎ አስገባው። ሱፍ ለብሷል። ፀጉሩን ሌላ ሰው እንዳበጠረው ያስታውቃል፣ ወደ ግራ ነው የተከፈለው፤ እሱ ወደ ቀኝ ነበር። ቀጮን አስነስተው መስኮቱ ላይ አቆሙት፣ እኔን ብረቱ ላይ። ከውጭ እውነተኛ ደንበኛ ተሰለፈ። ካሜራው ተነሳ።

የመጀመሪያዋ ሴትዮ ሁለት ባዶ አዘዘች። በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። እሱ ዞሮ፣ «ሦስት ሙሉ! አንድ ደረቅ፣ ጥርሱ ለሚያመው ለጋራዡ ዘበኛ!» ብሎ ጮኸ።

የጋራዡ ዘበኛ ከሞተ ልጆቹ ልጅ ወልደዋል።

ድምፁ ግን አላረጀም። ያ ድምፅ፣ ምጽ። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ «ሦስት ሙሉ! አንድ ደረቅ፣ ጥርሱ ለሚያመው ለጋራዡ ዘበኛ!» ብዬ መለስኩና ሁለት ባዶ ጠበስኩ። ቀጥሎም እንደዚያው። እሱ ድሮ የሄዱ ሰዎችን ይጣራል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እጄ ግን የቆመውን ሰው ምሳ ይሠራል። የገዛ ሕጌን ጣስኩ። ምግብ እንዳይባክን ብዬ ነው። ካሜራ የያዙት አጨበጨቡ። ልጄ «አባባ አንደኛ ነህ!» አለ። ቀጮ ወለሉን ያይ ነበር።

ቦታ ይቀያየሩ ተባለ። እሱ ብረቱ ላይ፣ ቀጮ መስኮቱ ላይ። ቀጮ የጮኸውን ሁሉ ባለራዕዩ አንድ ፊደል ሳያጎድል መለሰ። ቀጮ ተደናግጦ ተሳሳተና «አራት ባዶ፣ አይ፣ ምን ነበር፣ ቆይ!» ቢል እሱንም ከነአይው፣ ከነቆዩ መለሰው። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሲጨርሱ ሽርጡን እያወለቅሁለት አየኝና፣ «ጎበዝ ነሽ። እዚህ መሥራት ከጀመርሽ ቆየሽ?» አለኝ።

ሲቀልድ ነው።

ቀልድ አይደለም።

ሐምሌ 13

አልሄድኩም። ቀጮ ይክፈት።

ሐምሌ 18

እንግዲህ ገባኝ። ምራቴ ሶፍት እያራሰች የነገረችኝ፣ ባለመነጽሩ በሩቁ የነካካው፣ ልጄ እስክሪብቶ እያገላበጠ የሸሸው ሁሉ ገባኝ። ከሁሉም ኋላ የገባኝ እኔ ነኝ፤ ንቀት ጆሮ ይደፍናል ለካ። ሰውዬው ታሟል። አልዋሸም። መዋሸት እንኳ ቢችል ይሻለው ነበር።

ግን ተናድጃለሁ። ለመታመም ያሁኑን ጊዜ መረጠ? ዕድሜ ልኩን ጤነኛ ሆኖ ሲያበሽቀኝ ኖሮ፣ የአንድ ቀን ቃሉን ስፈልግ ሄደ። የሚያውቀው ሁለታችን ነን፤ አንዱ ወጥቷል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ። የወለድነው ሽቶ ተቀብቶ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፣ የጠፋው የተናገርነው ነው። አንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ብናሰፍረው ምን ነበረበት? ግን ወረቀት ናቅን፣ ኩራት ነበረብን፣ የእኛ ቃል ከሰው ወረቀት ይበልጣል አልን። ሞኞች። እኔ ነኝ ዋናዋ ሞኝ።

ዕለቱን ደጋግሜ አስባለሁ። ደረጃው ላይ እሱ ሁለት ደረጃ ከበታቼ ነበር፣ ኮፍያውን እየፈለገ። ጮኽኩበት። ዞሮ አየኝ። ራሱን ነቀነቀ። አዎ፣ ነቀነቀ። መነቅነቅም መመለስ ነው። አይደለም እንዴ?

ይህን ቤት ካጣሁ የት እሄዳለሁ? ጠዋት ተነስቼ ምን እሠራለሁ? አበባ ላጠጣ? ሽንኩርት ሳይሸተኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። እፈራለሁ፣ ይኸው ጻፍኩት።

ሐምሌ 26

ልጄ ደወለ፣ ዛሬስ በራሱ ድምፅ። ነሐሴ 8 ቀን ሁላችንም ቢሮው እንድንሰበሰብ። አባባ፣ ምራቴ፣ ባለመነጽሩ ለመጽሐፉ እንዲሰማ። «አባባን በፊትሽ እጠይቀዋለሁ። ያለውን እንቀበላለን» አለኝ።

ለቀጮ ነገርኩት። ቀጮ ሽንኩርቱን ትቶ ቢላውን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ አይቆጡና፣ ልጅዎ ያውቃል እኮ። አባቱ ምንም እንደማይሉ እያወቀ ነው የሚጠይቃቸው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አውቄዋለሁ፣ ከሌላ ሰው አፍ መስማት አልፈለግሁም እንጂ።

«ግን እትዬ፣ ጋሼ ሲጮኽባቸው ይመልሳሉ። ቪዲዮው ዕለት አላዩም? ምንም ቢባሉ፣ የተባሉትን…»

«ሽንኩርትህን ክተፍ!» አልኩት። እንዲያ ተቆጥቼው አላውቅም። ምን ዓይነት ሰው አድርጎ ቢያየኝ ነው? በታመመ ሰው አፍ ቤት የምትሰርቅ?

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ነሐሴ 2

ሰው የለም። ዝናብ ብቻ። ጣሪያውን ቀጮ በላስቲክ ደፈነው። ዛሬም ሦስቴ አራቴ ለራሴ፦ ቃሉ እውነት ከሆነ ማስታወስ እንጂ መስረቅ አይደለም። አንድ ሰው መንገድ ቢጠፋበት ቤቱን ይጠቁሙታል።

እውነት ከሆነ ነው ታዲያ።

ነሐሴ 8፣ ማክሰኞ

ደህናውን ቀሚሴን ለበስኩ። ባለመነጽሩ ደብተሩን ዘርግቷል፣ ምራቴ ሶፍቷን ከወዲሁ ይዛለች፣ ልጄ ለአባቱ ሻይ ቀድቶለታል። እሱ መስኮቱን የሚመታውን ዝናብ ያያል። ፀጉሩ ዛሬም ወደ ግራ ነው።

ልጄ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣ በጣም በዝግታ፣ በደግነት ጠየቀው። ደግነቱ ነው ያሳረረኝ። «አባባ፣ ስለ አንደኛው ቤት ለእማዬ ቃል ገብተህላት ነበር?»

«ቤቱ» አለ። «የቱ ቤት?»

ልጄ እጆቹን ዘርግቶ አየኝ። አዝናለሁ የሚል አስተያየት፣ የተለማመደው። የጨረሰ መስሎታል። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩ፣ በድሮው ድምፄ፣ ከብረቱ ጢስ በላይ፣ ከጋራዡ ሞተር በላይ በሚሰማው ድምፄ ጮኽኩ፦

«አንደኛው ቤት የሷ ነው! እስከ ዕድሜ ልኳ!»

ባለራዕዩ ሻዩን አስቀመጠ። ወገቡ ቀና አለ።

«አንደኛው ቤት የሷ ነው! እስከ ዕድሜ ልኳ!»

መስታወቱ ነው የተንቀጠቀጠው ብል ማጋነን አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሠራተኞች ሮጠው መጡ። ባለመነጽሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ምራቴ ሶፍቷን ረስታ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

ልጄ አባቱን አላየውም። እኔን ነው ያየው፣ ረዥም ጊዜ። ከብረቱ ሥር በካርቶን ውስጥ ተኝቶ ያደገ ልጅ ነው፤ የምን ጩኸት እንደነበረ ያውቃል። ሊያጋልጠኝ ይችል ነበር። ደግሞ ቢሞክርና ቤቱ የኔ ነው ብሎ ቢጮኽበት አባቱ ያንንም ይመልስለት ነበር።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ውሉ ይታደሳል።» አቀርቅሮ ወጣ፣ መኪና ላምጣ ብሎ።

አሸነፍኩ። እሰይ! ማንም እንኳን ደስ ያለሽ አላለኝም፤ እኔም ለራሴ አላልኩም።

እሱን ይዤ ወደ በሩ ወረድኩ። ከመግቢያው ጣሪያ ሥር ቆመን መኪናውን ጠበቅን። ኮፍያውን ቀና አድርጎ አየኝ፣ እንደ መልካም ጎረቤት።

«እዚህ ነው የሚሠሩት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርዎት። ያ የሚጽፈው ልጅ እኔ ጀመርኩት እያለ ነው። ሚስቴ ናት የጀመረችው። ጥበቡ የሷ ነው፣ ሕጉ የሷ ነው። እኔ መጮኽ ብቻ ነው የማውቀው። ይንገሩልኝ፣ እኔ ስነግረው ይጠፋብኛል።»

ክረምቱን በሙሉ ስጣላበት የከረምኩትን ነገር ለማያውቃት ሴት ሰጣት።

«ለሚስትዎ ራሷ ነግረዋት ያውቃሉ?» አልኩት። እሱን በሕይወቴ አንቱ ያልኩት ዛሬ ነው።

«ኧረ ወዲያ! ምላሷን አያውቁትም።»

«ክፉ ናት?»

«ክፉስ አይደለችም። ሰው ስለማይመልስላት ነው የምትጮኸው።» ዝናቡን አየ። «እኔም አልመለስኩላትም። ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ አንድ ነገር ጮኸችብኝ። ሰማኋት እኮ፣ ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት። አፌ አልከፈት አለኝ። እንባ ነበር ጉሮሮዬ ላይ፣ ኮፍያ የምፈልግ መስዬ ዞርኩ። ሳልመልስላት ሄድኩ። ምን ነበር ያለችኝ? እሱ ነው የጠፋኝ። ምን እንደሆነ ባውቀው ሄጄ እመልስላት ነበር።»

መኪናው መጣ። ልጄ ከውስጥ ሆኖ በሩን ከፈተ።

«መልሰውላታል» አልኩት።

«እኔ? መቼ?»

«አሁን። እላይ። ጮክ ብለው ነው የመለሱላት።»

ክንዴን ያዘኝ። ጣቶቹ እንደ ድሮው ናቸው፣ ጠንካራ።

«ሰማችኝ?» አለኝ።

«ሰማችዎት» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።